የደምሴ ሁለተኛ ዓይን

ሥራ ያቆምኩት የትንኝ እግር መሳል ሲያቅተኝ ነው። በሬ እስላለሁ፣ ዛፍ እስላለሁ፣ ሰው ከነጢሙ እስላለሁ። ትንኝ ግን ስድስት እግር አላት፣ እያንዳንዱም ከፀጉር ይቀጥናል። ባለፈው መስከረም አንዷን ጀምሬ ሦስተኛው እግር ላይ ስደርስ ሁለተኛው የት እንደገባ ጠፋኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አየችና «ይቺስ ሽባ ናት፤ ማንንም አትነክስም» አለችኝ። ሳቅኩ። በማግስቱ ብርዖቼንና ቀለሜን ለተማሪዎቼ አከፋፍዬ እጄን ታጠብኩ።

አዳማ ባቡር ጣቢያ ወርዶ «የትንኝ ሰዓሊው ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቴን አያጣውም። ስሙ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። በቅዱሳን ሥዕል ያደግኩ ሰው ነኛ! አሁን ግን ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል። ከሣልኳቸው መላእክት ሁሉ ይልቅ የሰው ነፍስ ያተረፈችው ያቺው ትንኝ ሳትሆን አትቀርም። ይህን ማለቴን ካህናቱ እንዳይሰሙብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ቡልጋ ነው፣ አንድ ቁጡ ሰዓሊ ዘንድ። ሁለት ዓመት ቀለም ከመፍጨት በቀር ምንም አላስነካኝም። ብሩሽ የያዝኩ ቀን የነገረኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ይሣላል፣ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ክፉ ሰው፣ ሰይጣንም ይሁን ይሁዳ፣ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ነገሩ ለእኔም አዲስ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ ያደገ ሰው ሁሉ ማንም ሳይነግረው በዓይኑ ለምዶት ያድጋል።

ከቡልጋ ወጥቼ ባቡሩን ተከትዬ ሞጆ ወረድኩ። እዚያ አንድ የግሪክ ነጋዴ ለሱቁ ሰሌዳ ሣልልኝ ብሎ ቀጠረኝ። ሰውየው በሚሸጠው ነገር ሁሉ ላይ አንበሳ ካልተሣለ አይሸጥም የሚል እምነት ነበረው። የሳሙና አንበሳ፣ የላምባ አንበሳ፣ የስኳር አንበሳ ሣልኩለት። አንድ ቀን ለመርፌና ክርም አንበሳ ሲለኝ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ደመወዙ ደህና ነበር። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አለቃ ምሕረቱን ያገኘኋቸውና ረዳታቸው የሆንኩት አዳማ ነው። ብራና ፋቂም፣ ጸሐፊም፣ ሰዓሊም፣ ጠራዥም እርሳቸው ነበሩ። ከደጋ ወደዚህ ሙቀት ለምን እንደወረዱ ሰው ሲጠይቃቸው ከኪሳቸው አንድ ድንጋይ ያወጣሉ። እዚህ አገር ከየጉብታው የሚለቀመውን፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይ ማለቴ ነው። «በደጋ ይህን በሽልንግ ነው የሚያመጡልኝ፤ እዚህ እግሬን ይመታኛል» ይላሉ። ብራና ከተፋቀ በኋላ የሚለሰልሰው በዚህ ድንጋይ ነው።

ብራናው ተወጥሮ ሲደርቅ ጆሯቸውን አስጠግተው በጣታቸው ይመቱታል። ድምፁ ጥርት ካላለ «ይህ ገና ፍየል ነው» ብለው ይመልሱልኛል። እንደገና እፍቃለሁ። እንደገና ይመቱታል። «አሁንስ?» ስላቸው «አሁን ቀንዱ ወጥቶለታል፤ ቀጥል» ይሉኛል። አንዳንዴ ከንዴቴ የተነሣ ብራናውን በጥርሴ ልቦጭቀው ይቃጣኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ዓይን ነው። የሥዕሉን ልብስ፣ እጅ፣ ፀጉር ሁሉ ጨርሰው ዓይኑን ባዶ ይተዉታል። ዓይን የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ በጠዋት፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ፊታቸውን ታጥበው። «ዓይን ከገባለት በኋላ ሥዕሉ የኔ አይደለም፤ እሱም ያየኛል» ይሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ቤታችን ሁልጊዜ ዓይን በሌላቸው ሰዎች የተሞላ ነበር። ደንበኛ ደንግጦ ከደጅ የተመለሰበትም ቀን አለ።

ሙሴ ሉካስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የውጭ አገር ሐኪም ነው፣ ወባን ሊያጠና ፈቃድ አግኝቶ የመጣ። ጣቢያው አጠገብ ቤት ተከራይቶ ግቢውን በብርጭቆ ማሰሮ ሞላው። በየማሰሮው የረጋ ውኃ፣ በውኃው ውስጥ የትንኝ እጭ። ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቹ «አባ ቡሳ» አሉት፣ የወባ አባት እንደማለት ነው። አማርኛ ቶሎ ለመደ፤ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ግን እስኪሄድ ድረስ አልለየም። አለቃን «አንተ» ይላቸውና ፍየላችንን «እርስዎ ይውጡ» ብሎ ያባርራታል።

ከአዋሽ ዳር እስከ ጉብታው ባሉት መንደሮች እየዞረ የሰዉን ሆድ ይዳስሳል። ወባ የደጋገመው ሰው በግራ ጎኑ ጣፊያው ያብጣል። የረጋ ውኃ አጠገብ የሚኖሩት ጣፊያቸው ትልቅ ሆኖ አገኘው፣ አጎበር ዘርግተው የሚተኙትና ውኃውን ያፋሰሱት ደግሞ ትንሽ። ይህን ሁሉ በአገሩ ቋንቋ ይጽፋል።

አለቃ ወባ ይዟቸው ኪኒን ሊወስዱ ሄደው ሲጽፍ አገኙት።

«ይህን ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለአገሬ ሐኪሞች።»

«እዚያ ወባ አለ እንዴ?»

«የለም።»

አለቃ ኪኒናቸውን ዋጡና ፊታቸውን አጨማደዱ። «እዚህ ስላለውስ?»

«እዚህ ማን ያነበዋል?» አለ ሙሴ ሉካስ፣ በእውነት ተጨንቆ። «አስቤበታለሁ። መንገዱ ጠፍቶኛል።»

«ሰዉ ያያል፤ ሲነበብለትም ይሰማል። አንተ ያወቅኸውን ንገረን፤ እኛ ብራና ላይ እንሥራው።»

ለምን ብራና? የወረቀት መጽሐፍ በበቅሎ ተጭኖ አንድ ክረምት አያልፍም። ከሁሉ በላይ ግን ብራናን ሰው ያምነዋል። ይህ እምነት በኋላ ምን እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሙሴ ሉካስ ትንኟን በአጉሊ መነጽር አሳየን። በአንድ ዓይን ነው የሚታየው። አለቃ አንዱን ዓይን ብቻ መጨፈን አልቻሉም፤ በመጨረሻ እኔ በመዳፌ ሸፈንኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው አማተቡ። «ፈጣሪ ለዚህችም ይህን ያህል ደክሞላታል?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንኝ በጥፊ ሲመቱ አላየሁም፤ ቀስ ብለው በነጠላቸው ነው የሚያባርሯት።

የሦስት ወር ጠብና ሳቅ ነበር። ሙሴ ሉካስ የክንፏን ጅማት ሁሉ ካልቆጠርን አይለቀንም። አለቃ ደግሞ ቀለሙ ካላማረ አይለቁትም። ከሁሉ የከበደን ውኃው ነው። በእኛ ሥዕል ውኃ ሰማያዊ ሆኖ በመስመር ይሞገዳል፣ ዓሣውም ከላይ ይሣላል። ሙሴ ሉካስ ግን እጯ በውኃው ውስጥ፣ ጭራዋን ወደ ላይ አድርጋ ስትተነፍስ መታየት አለባት አለ። ላምባ ጠብ ሲደረግበት መተንፈሻዋ እንደሚዘጋ ለማስረዳት ነው። ስንት ብራና አበላሸን! በመጨረሻ እጯን ጨርሰን ሣልናትና ደረቀች፤ ከዚያ ሰማያዊውን በሙጫ ውኃ እጅግ አቅጥነን ከላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነካነው። እጯ ከውኃው ሥር ሆና ታየች። ሙሴ ሉካስ አለቃን አቅፎ ሳማቸው። አለቃም «ቀለሙን እንዳታስደፋኝ» አሉት።

ጽሑፉ በአማርኛ ሆነ፤ በሥሩ ኦሮምኛው በዚሁ በፊደላችን ተጻፈ። ኦሮምኛውን ያስተካከለልን የሙሴ ሉካስ አስተርጓሚ ገመቹ ነው፣ ጣቢያው ላይ ፈረንሳይኛ የለመደ የአዳማ ልጅ። ለአምስት ቦታ አምስት መጽሐፍ ሠራን።

የቀረን የበሽተኛው ገጽ ነበር። ሙሴ ሉካስ ደምሴን አመጣልን። ደምሴ ወንጂ ረግረግ ዳር የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ቀልደኛ፣ ባለ ትልቅ ጢም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው። ጣፊያው ደግሞ እንደ ቅል ያበጠ። እስከዚያ ቀን እኔም አለቃም በሕይወት ያለ ሰው አስቀምጠን ሥለን አናውቅም፤ ከአሮጌ ሥዕል ነው የምንገለብጠው። ደምሴ ጢሙን ቅቤ ቀብቶ፣ አበጥሮ መጣ።

«እብጠቱ ከጎን ካልሆነ አይታይም» አለ ሙሴ ሉካስ። ደምሴ ሸሚዙን ገልጦ ጎኑን ሰጥቶን ተቀመጠ። «ጢሜን እንዳታሳንሱት፤ ለጣፊያው አልጨነቅም» አለን። እየሳቅን ሣልነው። በጠዋቱ አለቃ ታጥበው ዓይኑን አስገቡ። በአምስቱም መጽሐፍ እንዲሁ።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብነው በማርያም ዕለት፣ በደምሴ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሰዉ ብራና ሲያይ ተነሣ። አንዳንዱ ሊሳለመው ቀረበ። የትንኟን ገጽ አይተው ተገረሙ፣ የውኃውን አይተው አጉረመረሙ። የበሽተኛው ገጽ ሲከፈት እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ባልቴት አማትበው ወደ ኋላ ተሳቡ። ሙሴ ሉካስ በደስታ እጄን ጨብጦ «ገባቸው!» አለኝ። እኔም ገብቷቸዋል ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ ደጃችን ቆመች።

«አለቃ ምሕረቱ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ግቢ እንጂ።»

«አልገባም። ባሌ ምን በደለዎት?»

«ባልሽ ማነው?»

«ደምሴ ነዋ! ጢሙን አበጥሮ፣ ዘመድ ቤት እንደሚሄድ ደስ ብሎት የመጣላችሁ! ከይሁዳ ጋር ያዳበላችሁት!»

ወይዘሮ ዘነበች እዚያው ደጁ ላይ እንደቆመች ነገረችን። በማኅበሩ ዕለት ደምሴ ከጠጣበት ዋንጫ የሚጠጣ ጠፋ። የእነ ደምሴን ሴት ልጅ ለልጃቸው የጠየቁት ሰዎች «እስቲ ቆይ፣ እናስብበት» ብለው ሽማግሌ ላኩ። የመንደሩ ልጆች ደምሴን መንገድ ላይ ሲያገኙት አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ።

«አሁን ወባው ተነሥቶበታል» አለች። «ሲንቀጠቀጥ ውሎ ያድራል። ኪኒኑን አልውጥም ብሏል። በብራና ላይ ከሰይጣን ወገን ከተቆጠርኩ ድኜ ምን ልሆን ነው ይለኛል። አለቃ፣ ይሞትብኛል!»

አለቃ ከንባቡ ይዘነው የተመለስነውን መጽሐፍ ከተሰቀለበት አውርደው ገለጡት። እኔም ከኋላቸው ሆኜ አየሁ። ጢሙ አምሯል። ጠባሳው በቦታው ነው። ዓይኑ አንድ ነው።

«እግዚኦ!» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

እንዴት ሳናየው ቀረን? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስንሥለው የምናየው ደምሴን ነበር፣ ሲቀልድ፣ ትንፋሹን ሲይዝ። ሥዕሉን አላየነውም። ሰዉ ግን ደምሴን ሳይሆን ብራናውን አየ፣ ብራናውን ደግሞ ያምነዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ወይዘሮ ዘነበችን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሙሴ ሉካስ ተጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ አልገባውም። «ግን እኮ ልክ ነው!» ይላል። አለቃ ሌላ የድሮ መጽሐፍ አምጥተው ገጽ በገጽ አሳዩት፤ ደጉን ሁሉ በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ሁሉ በአንድ። ፊቱ ቀላ። «ከጎን ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንተማ በምን ታውቃለህ» አሉት አለቃ፤ «በቅሎ ጫኑ።» መጽሐፉን ይዤ፣ የቀለሙን ቀንድ፣ ቢላዋውንና ቀላሉን ድንጋይ በአገልግል አድርጌ ተከተልኳቸው።

ደምሴ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አገኘነው። እኛን ሲያይ ቀና ብሎ ተቀመጠና ጎኑን ሰጥቶን ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ልክ እንደሣልነው። ሙሴ ሉካስ ኪኒኑን በመዳፉ ይዞ ተጠጋ።

«ፊቴን መልሱልኝና እውጣለሁ» አለ ደምሴ ለግድግዳው።

«ዛሬውኑ!» አሉ አለቃ። «ፍቄ ፊት ለፊት አዞረዋለሁ።»

«ሙሉውን ካዞርከው ጣፊያው አይታይም» አለ ሙሴ ሉካስ። «ጣፊያው ካልታየ ሌላው በሽተኛ ራሱን አያውቅም።»

«ሰውነቱ በጎን ይቆይ፤ ፊቱን ብቻ አዞራለሁ።»

«ሰው ግን እንደዚያ አይቀመጥም። ሐሰት አልጽፍም።»

ሁለት ግትሮች! አንዱ ለበሽተኛው፣ አንዱ ለእውነቱ፣ ሁለቱም ትክክል፤ እኔ መሐል ላይ ቀለም ይዤ ቆሜአለሁ። ገመቹ ማንን ለማን እንደሚያስተረጉም ግራ ገብቶታል። የደምሴ መንቀጥቀጥ ብሷል። በዚያ ዓይነት ክርክር ሰውየው በፊታችን ያልፋል ብዬ ሰጋሁ።

ወይዘሮ ዘነበች በቅል ውኃ ይዛ ከጓሮ ስትመጣ ይህን ሰማችና ከደጁ ላይ ጮኸች።

«ደምሴ!»

ደምሴ ዞረ። ሰውነቱ እንደተቀመጠ ነው፣ ጎኑን እንደሰጠን፣ ያበጠው ጣፊያው እንደታየ። ፊቱ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ሆነ፤ ሁለት ዓይኑ በትኩሳት ቀልቶ።

ሁላችንም አፍጥጠን አየነው። «ምን ሆናችሁ?» አለ ደምሴ። «ሰው ሲጠራ አይዞርም እንዴ?»

ሙሴ ሉካስ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ይዞራል» አለ። «ይዞራል! ጻፍ፣ ሣል!»

አለቃ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ፊቱን በቢላዋ ፋቁት። የተፋቀ ብራና ይሻክራል፣ ቀለም ይተፋል፤ ስለዚህ በቀላሉ ድንጋይ ቀስ እያሉ አለሰለሱት፣ ትቢያውን በትንፋሻቸው አነሡ፣ በጣታቸው መቱና አዳመጡ። ፊቱን ሣሉ። ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ለነገ ጠዋት ይሉናል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ምሳ በልተው በወጡበት ቀን፣ ላባቸው እየወረደ፣ መጀመሪያ ግራውን ከዚያ ቀኙን ዓይን አስገቡ። ሕጋቸውን ሲጥሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔንስ?» አለች ወይዘሮ ዘነበች በትከሻቸው በኩል እያየች። «የጠራሁት እኔ አይደለሁ? አለበለዚያ ወደ ምን ዞረ ይሉታል?»

ሙሴ ሉካስ በዚህ በጣም ተደሰተ። እኔ በገጹ ጥግ ደጅ ላይ የቆመች ሴት ሣልኩ፣ እጅዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትጣራ።

ደምሴ መጽሐፉን ተቀብሎ አየ። ቆየ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ከዚያ «ጢሜን አሳነሳችሁት» አለና ኪኒኑን ጎረሰ። ወይዘሮ ዘነበች የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ ቅሉን እንደያዘች፣ በሳቅና በልቅሶ መሐል።

በሚቀጥለው ማርያም ደምሴ በእግሩ ቆሞ መጽሐፉን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ገጹን ከፍቶ ለገመቹ አስያዘውና ከጎኑ ቆመ፣ በጎን። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያየዋል። ወይዘሮ ዘነበች ከሴቶቹ መሐል «ደምሴ!» ብላ ጠራችው። ዞረ። አንድ ሕፃን ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ያማተቡት ባልቴት ቀርበው ሥዕሉን አዩ፣ ደምሴን አዩ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩና «እሱ ነው!» ብለው ጉንጩን ሳሙት። የልጅቱም ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። አለቃና እኔ በሠርጉ ላይ የበላነውን አልናገርም።

በየቦታው ያደልናቸውን የቀሩትን አራት መጻሕፍት ልናስተካክል ዞርን፤ ሞጆ፣ ወለንጪቲ፣ ዝዋይ። አቦምሳ ላይ መጽሐፉን ያስቀመጥነው አንድ ሐጂ ነጋዴ ቤት ነበር። ቢላዋ ስናወጣ ደነገጡ። «ምን አድርጎ ነው የምትፍቁት? እኛ እኮ ይህን ሰውዬ ወደነዋል!» አሉን። እዚያ የአንድ ዓይን ነገር ለማንም ምንም አልነበረም። አለቃ ግን «ደምሴ በአንድ ቦታም አንድ ዓይን ሆኖ አይቀርም» ብለው ፋቁት። ሐጂው አዲሱን አይተው «ሚስቱ ጮሃ ነው የምትጠራው፤ እንደኔዋ ናት» አሉ።

ሙሴ ሉካስ ከጥቂት ዓመት በኋላ አገሩ ገባ፤ ከእጅ ሥራችን አንዱን ይዞ። ባቡሩ ሲነሣ አለቃን በመስኮቱ «እርስዎ ደህና ይሁኑ!» አላቸው። አለቃም ባቡሩ ከዓይን እስኪጠፋ ሳቁ። እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። በውርስ የተዉልኝ ያ ድንጋያቸው ነው፣ በመፋቅ ብዛት የእንቁላል ያህል የቀረው። ብቻዬን ሆኜ ስንት መጽሐፍ እንደሠራሁ አላስታውስም። በሁሉም ደምሴ ዞሮ ያየናል፣ በሁሉም ዘነበች ደጅ ላይ ቆማ ትጣራለች። ዓይኑን ሁልጊዜ በመጨረሻ፣ በጠዋት፣ ታጥቤ አስገባለሁ።

ብርዖቼን ካከፋፈልኩ በኋላ ባለው የገበያ ቀን አዳማ ገበያ ሽንኩርት ተሸክሜ እሄድ ነበር። ልቤ ከብዷል። ዓይኑ የፈዘዘ ሰዓሊ ከዚህ በኋላ የማን ምን ነው እያልኩ ነበር።

«አንተ የትንኝ ሰዓሊ!» የሚል ድምፅ ከጎን መጣ።

ሽንኩርቱን እንደተሸከምኩ፣ እግሬ ወደ ፊት እየሄደ፣ አንገቴን አዞርኩ። ከሕዝቡ መሐል አንድ ትልቅ ነጭ ጢም ታየኝ፤ ከጎኑም አንዲት ሴት። ፊታቸው ብዥ ቢልብኝም ሁለቱም ወደ እኔ ሙሉ ሆነው ቆመዋል።

«አየሽ ዘነበች?» አለ ደምሴ። «እሱም ይዞራል!»